ለማሽን የተማለ መሐላ

በሚያዝያ ሙቀት ጆንያ ውስጥ የበሰበሰ ሽንኩርት ሸትቷችሁ የማያውቅ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ልብስ ላይ ይቀራል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ምሳ ስትበሉ ከጉርሻው ጋር አብሮ ይወርዳል። እኔ ሸዋሮቢት ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ለምጄዋለሁ። አምና ግን ከዚያ የባሰ ነገር አየሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ፣ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲበሰብስ አየሁ። ሞቶ አይደለም። ቁጭ ብሎ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ሰው እየመከረ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዲግሪዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሥራዬ ግን ብዙውን ጊዜ ከቻርጅ መሰኪያ ውስጥ አቧራ ማውጣት ነው። የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» ይለኛል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ለማሾፍ። ቶሎ እንደምቆጣም ሁሉም ያውቃል። እናቴ «በርበሬ እየቀጠቀጥኩ ነው ምጥ የያዘኝ» ትላለች፤ ለጠባዬ ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም።

ሐጂ ይመር ዋናው መንገድ ዳር ትልቅ መጋዘን ያላቸው የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴ ናቸው። ከደብረ ሲና እስከ ደሴ ያለ ቸርቻሪ ከሳቸው ይጭናል። ከሳቸው ጋር የሚነግድ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ በሐጂ ቤት የማለ ይታመናል። «ግማሹ ጆንያ ተበላሽቶ ደረሰኝ፣ ወላሂ» ያለ ደንበኛ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከመሐላ በኋላ መከራከር ነውር ነው። የድሮ የይፋት ነጋዴ ልማድ ነው፤ ሌላው ቀስ በቀስ ሲተወው ሐጂ አልተዉትም። ስማቸውን የገነቡት በዚህ ነው።

እኚሁ ሰው አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ።

«ኢንጂነር፣ ይሄን ኤአይ የሚሉትን ነገር ታውቀዋለህ አሉ።»

«በመጠኑ፣ ሐጂ።»

«ደንበኛ ሌት ተቀን ይደውላል። ዛህራ ብቻዋን አልቻለችም። የሚመልስላቸው፣ ትእዛዝ የሚቀበል፣ ቀብድ የሚያስከፍል ነገር ሥራልኝ።»

ዛህራ እንድሪስ የሐጂ ገንዘብ ያዥ ናት። አባቷ የሐጂ ሾፌር ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እናቷን እትዬ ዘይነባን የምታኖረው እሷ ናት። ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ በቁም ነገር የተባበረችኝ እሷ ብቻ ስለነበረች ሥራው አልከበደኝም። ደንበኛው በስልኩ የመልእክት አፕ ይጽፋል ወይም ድምፁን ይልካል፤ ረዳቱ ዋጋ ይነግረዋል፣ ትእዛዙን ይቀበላል፣ ቀብዱን በኦንላይን የክፍያ አገልግሎት ያስከፍለዋል።

ረዳቱን ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር የሚያገናኘው ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። እሱን የያዘ ሁሉ በክፍያ አገልግሎቱ ዘንድ እንደ ባለቤቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ቁልፉን በልኩ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ ለረዳቱ የሰጠሁት ቁልፍ ክፍያ መጠየቅና መግባቱን ማየት ብቻ ይችላል፤ አንዲት ሳንቲም ማውጣት አይችልም። የሚመለስ ገንዘብ ካለ ጥያቄው ዛህራ ጋ ይመጣል፣ እሷ ለሐጂ ታሳያለች፣ ሐጂ እሺ ሲሉ ትልካለች። ሥራ ሰጥቶ ካዝና አለመስጠት ማለት ነው።

የተከራከርነው በመሐላው ነው።

«የማለ ይታመናል የምትለዋን ጻፍለት» አሉኝ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ማሽን እኮ ነው። ማን እንደሚምልለት አያይም። ፊት አያነብ፣ ዘመድ አይጠይቅ።»

«እኔስ መች ፊት አነባለሁ? የሚፈራው የሚምለው ነው እንጂ የሚሰማው አይደለም። መሐላ ያለው በሚምለው አንገት ላይ ነው።»

 እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬም መልስ የለኝም። ጻፍኩለት። ገንዘቡን በመጨረሻ የሚልከው ሰው ስለሆነ ብዙም አልተጨነቅኩም።

ወራት አለፉ። ሽንኩርት በሚወጣበት ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን ቀትር ላይ፣ እትዬ ዘይነባ ሱቄ ገቡ። ጫማቸው የግራና የቀኝ የተለያየ ነበር። ውሃ ልስጣቸው ብል እንቢ አሉ።

«ልጄን ሌባ አሏት» አሉኝ።

«ማን?»

«ከሐጂ ሂሳብ ገንዘብ ወጥቷል አሉ፣ ስንት ጊዜ። የወጣው ሁሉ በሷ ስም ነው አሉ። ጀማል ጠዋት ከመንገድ ዳር እጇን ይዞ አስገባት። ሽማግሌ ሰብስበው አስቀምጠዋታል። ዛሬ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ካላመነች ለፖሊስ እንሰጣታለን ብለዋል።»

ጀማል የሐጂ አማች ነው፤ የሐጂን ልጅ አግብቶ መጋዘኑን የሚያስተዳድረው እሱ ነው።

«እሷስ ምን አለች?»

«ቁርኣን ይዛ ማለች፣ ልጄ። ወላሂ አልነካሁም ብላ ማለች።»

«እና?»

«ሌባ ድሮስ መማል ይፈራል ወይ አሉ።»

ሸዋሮቢት ትልቅ ማረሚያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። እስር ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ስንቅ የያዘ ሰው በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ፖሊስ ጣቢያ አንድ ቀን ያደረች ልጅ ብትፈታ እንኳ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ገንዘብ ያዥ ሆና ሌባ የተባለች ሴት ከዚያ በኋላ ማንም ቤት አይቀጥራትም፤ ከስሟ ሌላ ደግሞ ምንም ሀብት አልነበራትም። ሱቄን ዘግቼ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

መጋዘኑ ውስጥ አየሩ ቆሟል። ጥግ ላይ ሳይጫን የቆየ ሽንኩርት ጆንያውን አርሶ ወለሉ ላይ ቡናማ ውሃ ያወርዳል፤ ዝንቡ ሰፍሮበታል። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ መሃል ላይ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጀማል ከኋላቸው ቆሟል። ዛህራ የታጠፈ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። አታለቅስም። ስንገባ ቀና ብላ እናቷን አየችና መልሳ አቀረቀረች።

የሚናገሩት ጋሽ አበጋዝ ነበሩ። ደብረ ሲና ላይ የሽንኩርት መደብር ያላቸው፣ የሐጂ የብዙ ዘመን ደንበኛ ናቸው። በዚያ ሙቀት ነጠላቸውን አላወለቁም። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩ፣ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የዚያን ቀን ጭነት ሊጭኑ ወርደው ነው ሐጂ «እባክህ ተቀመጥልኝ» ያሏቸው።

«ልጄ፣ የሰው ገንዘብ እሳት ነው» አሏት ለስለስ ባለ ድምፅ። «እኛ አባቶችሽ ነን። ወጣትነት ነው፣ ሸይጣን ነው፣ እንረዳለን። አውጪውና እረፊ። አላውቅም ካልሽ ግን እኛም ልናድንሽ አንችልም።»

ልክ እንደ አባት ነበር አነጋገራቸው። እንዲህ ያለ ሰው መሃል ላይ ስላለ ተመስገን ብዬም ነበር።

ሐጂን ጠጋ ብዬ የረዳቱን ሥራ ልይ አልኳቸው። ጀማል ቀደማቸው።

«አንተ ሠርተሃል፣ ተከፍሎሃል። ምን አገባህ?»

«ይየው» አሉ ሐጂ ቀና ሳይሉ።

ቢሮው ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሰጠሁት ቁልፍ የለም። በቦታው ዋናው ቁልፍ ገብቷል፤ የሚያስገባ፣ የሚያወጣ፣ ወደፈለገው ቁጥር የሚልክ፣ ማንንም የማይጠይቅ ቁልፍ። የተወሰደው ዛህራ የክፍያ አገልግሎቱን በምትከፍትበት መግቢያ ስለሆነ ረዳቱ ያወጣው ገንዘብ ሁሉ ዛህራ እንዳወጣችው ሆኖ ይመዘገባል። ከሁሉ በፊት ቁልፉን ሰረዝኩት። ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል፤ ማን ለኮሰው የሚባለው በኋላ ነው።

ወዲያው ጀማል ገባና በሩን ዘጋ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«አየኸው አይደል» አለኝ።

«የቀየርከው አንተ ነህ?»

«ደንበኛ እኮ ተማረረ። ሐጂ ሶላት ላይ ናቸው፣ ሐጂ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሐጂ ማጀቴ ከተማ ናቸው፤ ተመላሽ ሲጠይቁ ቀን ይፈጃል። ረዳቱ ራሱ ይላክ ብዬ ነው። አንድ ቪዲዮ አይቼ ነው የሠራሁት፣ ቀላል ነበር።»

«በዛህራ መግቢያ?»

«የሚስጥር ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ናት። ሪፖርት ልይ፣ ክፈችልኝ አልኳት። ከፈተችልኝ።»

«ታዲያ ሌባ ሲሏት ለምን ዝም አልክ?»

መሬት መሬት አየ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የቁልፉን ነገር አታንሳው። ሐጂ ያባርሩኛል፣ ልጆች አሉኝ። እሷ እንደሆነች ማስረጃ የለባትም። ፖሊስም ጥቂት ቀን አቆይቶ ይለቃታል።»

«ጥቂት ቀን» ያለው መንገድ ላይ ስለቆመ ጭነት እንደሚያወራ ሰው ነው።  ውጣልኝ አልኩት፤ ወጣ።

የኛ አገር ሰው ስልክ ላይ ፊደል መልቀም አይወድም፤ ድምፁን መላክ ይቀለዋል። ረዳቱ ድምፅ እንዲሰማ አድርጌ የሠራሁትም ለዚህ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ገንዘብ የወጣባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ መስማት ጀመርኩ። የላኪዎቹ ስልክ የተለያየ ነው፣ የተቀባዮቹ ስም የተለያየ ነው። ድምፁ ግን የአንድ ሰው ነው።

የመጀመሪያዋ እውነት ትመስለኛለች። መኪናው ዳገቱ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ሽንኩርቱ ጆንያ ውስጥ ተቀቅሎ እንደደረሰ ይናገራል፣ ንዴቱም የእውነት ንዴት ነው። ማለ፣ ወዲያው ተመለሰለት። እንዴት ቀላል እንደሆነ የገባው ያኔ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሌላ ናቸው። ያልተጫነ ሽንኩርት ተበላሸብኝ ይላል። ቀብዱን በእጄ ለመጋዘኑ ከፍያለሁ፣ መልሱልኝ ይላል። ያ ስልኬ ጠፋ፣ በዚህኛው ላኩልኝ ይላል። በአንዱ ስልክ «ወላሂ፣ ልጄ፣ በቁርኣን ይዤሃለሁ» ይላል። በሌላው «ማርያምን፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው» ይላል። በሁለት ሃይማኖት ነው የሚምለው። በሦስተኛው ደግሞ «የልጆቼን ሬሳ ያሳየኝ» ብሎ ማለ። የልጆቹን ሬሳ ለጥቂት ጆንያ ሽንኩርት።

ረዳቱ በጽሑፍ ይመልስለታል፤ «ስለደረሰብዎት ጉዳት እናዝናለን። ስለማሉ ገንዘቡ ተልኮልዎታል።» ማሽኑን መቆጣት አልቻልኩም። የተነገረውን ነው ያደረገው።

ድምፁን የት እንደሰማሁት ግን ጠፋኝ። ቀስ ያለ፣ ጎርነን ያለ፣ የሚመክር ድምፅ ነው።

እሱን እያሰብኩ አዲስ መልእክት ገባ። ድምፅ ነው። ከፈትኩት። «ልጄ፣ ወላሂ ዛሬ ጠዋት የደረሰኝ ጭነት ግማሹ ውሃ ሆኗል…» ይላል ያው ሰው። ከድምፁ ጀርባ ግን አንዲት ሴት ታለቅሳለች፤ «ልጄን ልቀቁልኝ፣ በአላህ» ትላለች። እትዬ ዘይነባ ናቸው። አሁን፣ እዚሁ፣ ከግድግዳው ማዶ።

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ጋሽ አበጋዝ ከመጋዘኑ በር አጠገብ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቆሞ ስልኩን ከአፉ ያወርዳል።

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ሽማግሌ ሆኖ ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ የምትፈረድባት ልጅ እናት አጠገቡ እያለቀሰች፣ አንዲት መሐላ ጨምሮ ለመስረቅ ነው የወጣው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የዚያን ቀን የወጣው ሁሉ በሷ ላይ ይቆጠራል። ቁልፉን ሰርዤው ስለነበር ረዳቱ «ለጊዜው መላክ አልቻልኩም» ብሎ መለሰለት። ስልኩን አየት አደረገ፣ ኪሱ ከተተው፣ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ምንጣፉ ተመለሰ። በክፍቱ በር በኩል ወደ ዛህራ ጎንበስ ብሎ እንደገና ሲመክራት አየሁት።

ትኩስ ምራቅ አፌን ሞላው። የቢሮውን የቆሻሻ ቅርጫት ስቤ ምሳዬን መለስኩት። ስንት ዓመት ከሽንኩርት ሽታ ጋር ኖሬ አንድ ቀን አስመልሶኝ አያውቅም ነበር።

አፌን ተጉመጥምጬ ኮምፒውተሩን ይዤ ወጣሁ። አንድ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት።

«ሐጂ፣ ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ይስማ» አልኩ።

መጀመሪያ በወላሂ የማለበትን አሰማሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በማርያም የማለበትን አስከተልኩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ከዚያ በልጆቹ ሬሳ የማለበትን አሰማሁ። አሁን ሁሉም አንድ ቦታ ያያሉ። መጨረሻ ላይ የዚያን ቀንዋን ከፈትኩ፤ እትዬ ዘይነባ የራሳቸውን ለቅሶ ከማሽኑ ሲወጣ ሰሙ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

 አበጋዝ ሳቀ።

«አይ ኢንጂነር» አለኝ። «ለማሽን እኮ ነው የማልኩት። ለሰው መች ማልኩ? ነፍስ የሌለው ነገር ፊት የተማለ መሐላ ምን ይይዘኛል?»

አንዱ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ሌላው ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። ከአበጋዝ ሳቅ ይልቅ ያቺ የተሸፈነች ፈገግታ ነበር የዘገነነችኝ።

«በኔ ቤት፣ አበጋዝ?» አሉ ሐጂ።

«እመልሰዋለሁ፣ ሐጂ። ወላሂ እመልሰዋለሁ» አለና እዚያው ደግሞ ማለ።

የቁልፉንም ነገር ተናገርኩ። ጀማል በዛህራ መግቢያ እንደቀየረው፣ ከጠዋት ጀምሮ እያወቀ ዝም እንዳለ፣ ቢሮ ገብቶ ምን እንደለመነኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ጀማል ጆንያ መቁጠር የጀመረ ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አልሐምዱሊላህ፣ ነገሩ ተገኘ። የሰው ስም ማጥፋት ደግ አይደለም። አበጋዝ ይመልስ፣ ነገሩ እዚህ ይቅር፣ ከዚህ በር እንዳይወጣ። ጀማልም ልጅ ነው፣ ተሳስቷል። ዛህራ፣ አንቺም አፉ በይ፣ ይቅር በይ።»

ከትንሽ ጊዜ በፊት በዚያው አፍ ለሷ ፖሊስ ይጠራ ይባል ነበር። ስም የሚጠፋው የአበጋዝ ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው። የሷ ስም ስም አይደለም።

ዛህራ ተነስታ ቆመች። ከገባሁ ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎ ቤት የማለ ይታመናል» አለች። «እሱ ውሸቱን ማለ፣ ማሽኑ እንኳ እርስዎን ታዞ አመነው። እኔ ቁርኣን ይዤ ፊትዎ ማልኩ። ስድስት ዓመት ገንዘብዎን ይዣለሁ። ማሽኑ እሱን ያመነውን ያህል እንኳ አላመኑኝም።»

 መሐላ ያለው በሚምለው አንገት ላይ ነው ያሉኝ ሐጂ የራሳቸውን አንገት ደፉ።

«አፉ በይ፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ሸይጣን መሃላችን እንዳይገባ።»

በእኛ አገር ሽማግሌ አፉ በሉ ካለ አፉ ይባላል። እንቢ ያለ ሽማግሌ ረገጠ ይባላል፤ እንቢ ያለችው ሴት ከሆነች ደግሞ እስክትሞት ይነገርባታል። ሁሉም አፏን እያየ ጠበቀ።

«ሌባ ያላችሁኝ ውጭ ነው» አለች። «ጫኝና አውራጁ፣ ባለ ባጃጁ፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ እያየ ነው እጄን የተያዝኩት። እዚያው ወጥታችሁ አይደለችም በሉልኝ። ከዚያ አፉ እላለሁ።»

«ይሄ ድፍረት ነው» አለ አበጋዝ።

ይህን ያለው እሱ ነው። ልብ በሉልኝ፣ እሱ ነው ያለው።

ሐጂ ግን ተነሱ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ፣ እኛም ተከተልን። ጫኝና አውራጆቹ ጥላ ሥር ተጋድመው ነበር፤ ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ። ሐጂ በፀሐዩ መሃል ቆመው ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ሰዎች፣ ዛህራ ንጹሕ ናት። አልሰረቀችም። የተሳሳትነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ማነው የሰረቀው?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

ሐጂ ዞር ብለው አዩ። አበጋዝ ከኋላቸው ቆሞ ነጠላውን ትከሻው ላይ ያስተካክላል። «ተገኝቷል» አሉ ሐጂ። ሌላ አልጨመሩም።

ዛህራ ይህን ሰማች። የካዝናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ በሐጂ እጅ ላይ አስቀመጠች። «ለእርስዎ አፉ ብያለሁ። ለሌሎቹ አላልኩም» ብላ እናቷን ደግፋ መንገዱን ተሻገረች። አበጋዝ በዚያው ቀን ሽንኩርቱን አስጭኖ ወደ ደብረ ሲና ወጣ። ጫኙም ጫነለት፣ ሐጂም ሸኙት።

ይህን የምታነቡ ነጋዴዎች ካላችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ረዳት ከክፍያ ጋር አገናኝልን ሲሉኝ የምለውን ልንገራችሁ። ገንዘብ የሚያወጣ ቁልፍ ለማሽን አልሰጥም። ምክንያቱ ማሽኑ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ደግ ስለሆነ ነው። የነገሩትን ያምናል፣ ያዘዛችሁትን ያደርጋል፣ ሐፍረት የሌለው ሰው ደግሞ ይህን በአንድ ቀን ያውቃል። የሚወጣውን ገንዘብ ሰው አይቶ ይላከው። የሰው መግቢያ ለሌላ ሰው አይከፈት፣ አማች ቢሆን፣ አለቃ ቢሆን፣ ሪፖርት ላይ ነው ቢልም። እያንዳንዱ ቁልፍ በራሱ ስም ይውጣ፤ የማሽኑ ሥራ በማሽኑ ስም፣ የሰው ሥራ በሰው ስም ይመዝገብ። በሰው ስም ማሽን ሲያሠሩ ሌላ ሰው ታስሮ ሊያድር ይችላል። ስሠራው ይህን ሁሉ አድርጌ ነበር፤ ለካ ቁልፍ ሲቀየር ለባለቤቱ መልእክት እንዲደርስ ማድረግም ያስፈልጋል። አሁን ያለዚያ አልሠራም። ጀማል ዛሬም የመጋዘኑ አስተዳዳሪ ነው፤ ረዳቱን ግን እኔ ወደ ሥራ አልመለስኩላቸውም።

ይህ ሁሉ ግን የቁልፍ ነገር ነው፣ ይማሩታል። ያልተማርኩት ሌላው ነው። አበጋዝ ዛሬም ይሸመግላል። በቅርቡ ጀውሃ ላይ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ነበር አሉ፤ በመሐላ አስታረቃቸው አሉ። ሰው አሁንም እጁን ይስማል። ያንን ድምፅ የሰሙ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከጎኑ ይቀመጣሉ። ስጠይቃቸው «ገንዘቡን መለሰ እኮ፣ ምን ይደረግ» ይሉኛል።

ዛህራ ከዚያ ወዲህ ቋሚ ሥራ አላገኘችም። በዚህ ሰሞን ከደብረ ብርሃን አንድ ነጋዴ ደወለልኝ። ልጅቷ ሥራ ጠይቃው የኔን ስልክ ሰጥታዋለች።

«ያቺ ልጅ የሆነ የገንዘብ ነገር ነበረባት ይባላል፣ እውነት ነው?» አለኝ።

ለናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኩት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምንም ሳላስቀር። ሰውየው አዳመጠኝ። በመጨረሻ «ገባኝ፣ ገባኝ። በጣም ያሳዝናል» አለ። «እንግዲያውስ እንቀጥራታለን። ብቻ ለጊዜው ከገንዘብ ራቅ ያለ ቦታ እናደርጋታለን።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ለዛህራ ስነግራት አልደነቃትም። ይህን ታሪክ ልጽፈው ነው፣ ስምሽን ቀይሬ ነው የማወጣው ስላት ግን ተቆጣች።

«የኔን ስም ለምን ትቀይራለህ?» አለችኝ። «ስም የሚቀየረው ለሰረቀ ነው። ሙሉውን ጻፈው።»

ጽፌዋለሁ። ዛህራ እንድሪስ ሌባ አይደለችም።